የባንጂ ዘላይ እስከ ምን ያህል እንደሚወርድ በኢነርጂ ሕግ ማስላት

በኒውዚላንድ፣ ኩዊንስታውን አጠገብ የሚገኘው የካዋራው ድልድይ ከወንዙ 43 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮም ሰዎች ቁርጭምጭሚታቸው በላስቲክ ገመድ ታስሮ ይዘሉበታል፤ ይህ ባንጂ ዝላይ ይባላል። ዘላዩ የት እንደሚቆም ለማወቅ የመውደቂያውን ጊዜ መቁጠር አያስፈልግም፤ ኢነርጂ መልኩን ቢለውጥም አይጠፋም የሚለው ሕግ ብቻውን ይበቃል።

ለመለማመጃ ያህል፣ የዘላዩ መጠነ ቁስ 70 ኪሎ ግራም፣ ያልተለጠጠው ገመድ ርዝመት 12 ሜትር፣ ገመዱን በ1 ሜትር ለመለጠጥ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ 100 ኒውተን ይሁን። ይህን የመጨረሻ ቁጥር በራስዎ ላስቲክ ላይ ለማግኘት፣ ክብደቱን የሚያውቁትን ዕቃ አንጠልጥለው የረዘመበትን መጠን ይለኩ፤ ከዚያም ክብደቱን በኒውተን፣ በረዘመበት ሜትር ያካፍሉ።

በመጀመሪያ የዘላዩን ክብደት፣ መጠነ ቁሱን በምድር ስበት ፍጥንጥነት (9.8) በማባዛት ያስሉ፦ 70 × 9.8 = 686 ኒውተን። ገመዱ የሚለጠጥበትን ርዝመት «ተ» እንበለው። ዘላዩ ሲነሳም ሆነ ታች ደርሶ ለአፍታ ሲቆም ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ፣ በመውረዱ ያጣው እምቅ ኢነርጂ (ከፍ ብሎ በመገኘቱ የያዘው ኢነርጂ) በሙሉ ገመዱ ውስጥ ተከማችቷል ማለት ነው። በግራ በኩል ያለው ክብደቱ በወረደበት ርቀት ተባዝቶ የሚገኘው ያጣው ኢነርጂ ነው፤ በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ የተለጠጠው ገመድ የያዘው ኢነርጂ ነው፦

686 × (12 + ተ) = ½ × 100 × ተ²

ይህ ኳድራቲክ እኩልታ ሁለት መልስ አለው፤ ኔጌቲቩ ሲጣል ተ = 21.4 ሜትር ይሆናል። ጠቅላላ ውርዱ 33.4 ሜትር ነው፤ ከውሃው በላይ 9.6 ሜትር ይቀራል።

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የገመዱ ኃይል ከክብደቱ ጋር እኩል የሚሆንበትን ነጥብ ፈልገው፣ ልጥጠቱ 6.86 ሜትር ስለሚወጣላቸው፣ ዘላዩ 18.9 ሜትር ላይ ይቆማል ይላሉ። በእውነቱ ዘላዩ ከሁሉ የሚፈጥነው በዚያ ነጥብ ላይ ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 17.4 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ገመዱ መወጠር እንደጀመረም ወዲያው አይዘገይም፤ ክብደቱ ከገመዱ ኃይል እስከበለጠ ድረስ መፍጠኑን ይቀጥላል። ታች ሲደርስ ግን ገመዱ በ2,140 ኒውተን፣ በክብደቱ ሦስት እጥፍ ገደማ፣ ወደ ላይ ይጎትተዋል።

በዚያው ገመድ 95 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ቢዘል ውርዱ 38.9 ሜትር ይደርሳል። ከዝላዩ በፊት ሰው የሚመዘነውና ገመድ በክብደት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

እውነተኛ ላስቲክ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ከኢነርጂው የተወሰነውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ፣ ዘላዩ ተመልሶ ድልድዩ ላይ አይደርስም፤ ሙቀቱ ሲደመር ሒሳቡ ስለሚገጥም ግን ሕጉ አልፈረሰም። ስሌቱ ሰውየውን እንደ አንድ ነጥብ ቆጥሮታል፤ እሱ ግን የሚንጠለጠለው ተዘቅዝቆ ስለሆነ፣ ከቀረው 9.6 ሜትር ላይ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ተዘረጋው እጁ ጫፍ ያለው ከ2 ሜትር የማያንስ ርዝመት መቀነስ አለበት።