ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን እዩ

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስቴት፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚመደበው በቤት አድራሻ ነው። መንገዱን ተሻግሮ ያለው አፓርታማ ሌላ ትምህርት ቤት ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ እዚሁ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ስንፈልግ፣ ውል ሳንፈርም አድራሻውን ካውንቲው ድረ ገጽ ላይ አስገብቼ አየሁ።

ከዚያ የሜሪላንድ ሪፖርት ካርድን፣ ስቴቱ የትምህርት ቤቶችን ውጤት የሚያወጣበትን ድረ ገጽ፣ ክፈቱ። ስቴቱ ለትምህርት ቤቶች ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ኮከቡ ላይ ብቻ ግን አትቁሙ። የፈተና ውጤት ከቤተሰብ ገቢ ጋር በጣም ይያያዛል። እኔ ይበልጥ የማየው ልጆቹ ካለፈው ዓመት ምን ያህል እንደተሻሻሉ ነው። ከትምህርት ቤት የሚቀሩ ልጆችንም ቁጥር እዩ። ከ180 የትምህርት ቀናት 18ቱን የቀረ ልጅ አብዝቶ ከሚቀሩት ይቆጠራል። እንዲህ ያሉት ከበዙ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ በእግራችሁ ሂዱ። እኔ ልንከራያቸው ያሰብናቸው ሁለት ቤቶች የሚደርሳቸውን ሁለት ትምህርት ቤቶች ሄጄ አይቻለሁ። አንደኛው ቢሮ ስገባ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው የለም። ሁለተኛው ጋ ጸሐፊዋ ገና ሰላም ስትለኝ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። (አስተርጓሚ በነጻ ነው፣ መብታችሁም ነው። እባካችሁ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።) የዚህኛው ኮከብ ከመጀመሪያው በአንድ ያንስ ነበር። ግን ቤቱን በዚያ በኩል ተከራይቼ ልጄን እዚያ አስገባሁ።

ስትሄዱ ይህንንም ጠይቁ፦ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆችን የሚረዳ ስንት መምህር አለ? ከክፍል አውጥተው ነው የሚያስተምሯቸው ወይስ እዚያው ከጓደኞቻቸው ጋር?