ጉበት ላይ ስብ ሲገኝ፦ ከዘይቱ በፊት ኢንሱሊኑን ማውረድ

አልትራሳውንድ ተነስቶ «ጉበትዎ ላይ ስብ አለ» የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀንሰው የወጡን ዘይት ነው። ይህ አይጎዳም፤ ዋናውን ምንጭ ግን አይነካም። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት ጉበታቸው ውስጥ ስብ የተጠራቀመባቸውን ሰዎች መርምሮ ነበር። ከስቡ 59 በመቶው ከሰውነት የስብ ክምችት ተለቆ በደም የመጣ፣ 26 በመቶው ጉበቱ ራሱ የሠራው፣ 15 በመቶው ብቻ በቀጥታ ከምግብ ስብ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን ትልልቅ ምንጮች የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ነው።

ጤናማ ሰው ሲበላ ኢንሱሊን የስብ ሕዋሳትን «ስብ አትልቀቁ»፣ ጡንቻን «ስኳር አስገባ» ይላል። ለጉበት የሚደርሰው ትእዛዝ ግን ሁለት ነው፦ ስኳር ማምረቱን እንዲያቆምና ትርፉን ወደ ስብ እንዲለውጥ። ቦርጭ ሲበዛ የስብ ሕዋሳትና ጡንቻ መልእክቱን በደንብ አይሰሙም፤ ቆሽትም ኢንሱሊን ይጨምራል። ጉበት የሚደነቁረው ግን በከፊል ነው። «ስኳር አቁም» የሚለው አይሰማውም፣ «ስብ ሥራ» የሚለው ግን እንደቀጠለ ነው። ኤስአርኢቢፒ-1ሲ የሚባለው ፕሮቲን የስብ ማምረቻ ኢንዛይሞችን ጂኖች ሳያጠፋ ያቆያቸዋል። ስለዚህ የደም ስኳሩም የጉበት ስቡም አብረው ይወጣሉ።

ተቃራኒውን የሚሠራው ኤኤምፒኬ የሚባለው ኢንዛይም ነው። የሕዋሱ ጉልበት ሲቀንስ ይነቃና ስብ ማምረቱን ይገታል፤ የተጠራቀመውም የሕዋሱ ማቃጠያ ወደሆነው ሚቶኮንድሪያ ገብቶ እንዲቃጠል መንገድ ይከፍታል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የኢንሱሊኑን ምልክት ዝቅ፣ የኤኤምፒኬን ከፍ ለማድረግ ነው።

በቅድሚያ ጉዳቱ የት እንደደረሰ ይወቁ። የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ያድርጉ፤ በአገራችን ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ስለሆነ የጉበት ኢንዛይም መጨመርን በስብ ብቻ ማሳበብ አደገኛ ስህተት ነው። የጾም ስኳር ወይም የሦስት ወር ገደማ አማካይ ስኳር የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲም ይለኩ። ቀጥሎ የጉበት ጠባሳን የሚገምተውን ፊብ-4ን ያስሉ (ኤኤስቲና ኤኤልቲ በደም የሚለኩ የጉበት ኢንዛይሞች፣ ፕሌትሌት ደም የሚያረጋው የደም ክፍል ነው)፦ ዕድሜን በኤኤስቲ ያባዙ፤ የኤኤልቲን ስኩዌር ሩት በፕሌትሌት ያባዙ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። ወረቀቱ ላይ ፕሌትሌት 210,000 ከሆነ 210 ብለው ያስገቡ። ዕድሜ 48፣ ኤኤስቲ 44፣ ኤኤልቲ 64 ቢሆን 2112 ለ1680 ሲካፈል 1.26 ይሆናል። ከ1.3 በታች የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ወሰኑ 2.0 ነው። ከዚያ ካለፈ የጉበትን ጥንካሬ የሚለካው ፋይብሮስካን ያስፈልጋል፤ ከ2.67 ካለፈ ወደ ጉበት ሐኪም ሳይዘገዩ ይሂዱ። ከ35 ዓመት በታች ስሌቱ አያስተማምንም። ኤኤልቲ ልክ መሆኑም ጉበት ደህና ነው ማለት አይደለም።

ምግብ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ስኳር ያለበት መጠጥ ነው። ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት በአብዛኛው ጉበት ላይ ስለሚያርፍ፣ ኢንሱሊን ባይገፋውም የስብ ማምረቻውን ያስነሳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፤ በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ 48 ግራም ይሆናል፣ ግማሹም ፍሩክቶስ ነው። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ይጨምርበታል። ጁስም ከዚህ አይለይም፤ ፍሬውን እንደ ፍሬ ይብሉት። ቡና ያለ ስኳር ይጠጡ፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ላይ ጠባሳ ያነሰ ሆኖ ይታያል። ከእንጀራውና ከዳቦው ቀንሰው ጎመንና ምስር ይጨምሩ። ጾም ራሱ ኢንሱሊንን ያወርዳል፤ ጥቅሙን የሚያጠፋው ማስፈቻው ላይ ጣፋጭ ሻይ፣ ቦንቦሊኖና ሳምቡሳ ሲደራረብ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር በሽታ ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ሳያስተካክል አይጹም።

አልኮልን ይተዉ። ጉበት አልኮሉን ሲያቃጥል ስቡን ማቃጠል ያቆማል፤ ቢራም ሆነ አረቄ ልዩነት የለውም።

እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይሁን፦ ማውራት የሚያስችል ግን መዝፈን የማያስችል ፈጣን እርምጃ፣ ሁለት ቀን ደግሞ የጡንቻ ሥራ። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳር ስለሚያስገባ፣ ከምግብ በኋላ መራመድ በተለይ ይጠቅማል። ሚዛን ባይወርድም የጉበት ስብ ስለሚቀንስ፣ ኪሎው አልነቃነቅ ስላለ ብቻ አያቋርጡ።

ክብደት ያላቸው ሰዎች ግብ ይያዙ። 80 ኪሎ ከሆኑ 4 ኪሎ መቀነስ ስቡን ያሳንሳል፤ ብግነቱ እንዲሻሻል ከ6 እስከ 8 ኪሎ፣ ጠባሳውም እንዲለሰልስ ከ8 በላይ ያስፈልጋል። ፍጥነቱ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይሁን። በረሃብ ሲጣደፉ የስብ ክምችቱ ባንድ ጊዜ ወደ ጉበት ይጎርፋል፣ የሐሞት ጠጠርም ይከተላል። «ጉበት ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጥ ቅጠላ ቅጠልም አይውሰዱ፤ አንዳንዱ ራሱ ጉበት ያቃጥላል።

ከስድስት ወር በኋላ ኤኤልቲን፣ ስኳርንና የወገብ ልክን ደግመው ይለኩ። አልትራሳውንድ ጥቂት ስብን ስለማያሳይ ለውጡን በእሱ ብቻ አይመዝኑ። ጠባሳው መካከለኛ ወይም ከፍ ያለ ሆኖ ሲርሆሲስ (ጉበቱ በጠባሳ የተሸፈነበት ደረጃ) ላይ ላልደረሰ ሰው፣ አሜሪካ በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) የፈቀደችው ሬስሜቲሮም የሚባል መድኃኒት ጉበት ውስጥ ያለውን የታይሮይድ ሆርሞን ተቀባይ በማንቃት ስብ እንዲቃጠል ያደርጋል፤ እሱም የሚሰጠው ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሆድ ውሃ ከቋጠረ ወይም ደም ካስመለሰ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።