አዲስ የሐሰተኛ ሊምፔት ዝርያ እንዴት ይሰየማል?

ባሕሩ ሲሞላ ውኃ የሚውጣቸው፣ ሲጎድል ፀሐይ የሚያገኛቸው ዐለቶች ላይ የጎጆ ጣሪያ የመሰለ ቅርፊት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ተለጥፈው ይታያሉ። ብዙዎቹ እውነተኛ ሊምፔቶች ናቸው። ሲፎናሪያ የተባለው ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ምድብ) አባላት ግን ሊምፔትነታቸው በመልክ ብቻ ነው፤ የሚዛመዱት አየር ከሚተነፍሱት ቀንድ አውጣዎች ጋር ነው። ሐሰተኛ ሊምፔት መባላቸውም ለዚህ ነው። ጂነሱ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1823 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቅርፊት ብቻ እየታየ የወጡት የዝርያ ስሞች እጅግ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አዲስ ዝርያ አገኘሁ የሚል ሰው ትልቁ ሥራው መግለጫ መጻፍ አይደለም። ያ ቀንድ አውጣ ከተረሱት ስሞች በአንዱ ቀድሞ እንዳልተጠራ ማሳየት ነው።

መጀመሪያ ሲፎናሪያ መሆኑን ያረጋግጡ

ቅርፊቱን ገልብጠው፣ የጭንቅላቱን በኩል ወደ ላይ አድርገው ይያዙት። ጡንቻው ተጣብቆበት የነበረው ቦታ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ሆኖ ይታያል። በእውነተኛው ሊምፔት የጠባሳው ክፍተት ከፊት፣ ጭንቅላቱ በሚያርፍበት በኩል ነው። በሲፎናሪያ ግን ጠባሳው በእንስሳው ቀኝ ጎን ይቋረጣል፤ የመተንፈሻው ቦይ በዚያ ስለሚያልፍ የቅርፊቱ ጠርዝም እዚያው ላይ ጎበጥ ብሎ ይወጣል። ቅርፊቱ ስለተገለበጠ የእንስሳው ቀኝ በእርስዎ ግራ እንደሚውል አይርሱ፤ ጀማሪዎች ቀኝና ግራን የሚያምታቱት እዚህ ላይ ነው። እንስሳው በሕይወት ካለ ጭንቅላቱን ይዩ፦ እውነተኛው ሊምፔት ሁለት ቀንድ አለው፣ ሲፎናሪያ የለውም።

ከዐለቱ ላይ ማንሳት

የመሰብሰብና ናሙና ከአገር የማውጣት ፈቃድ አስቀድሞ ይያዝ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል (የአገሮችን የዘረመል ሀብት አጠቃቀም የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈራሚ በሆኑ አገሮች ፈቃድ ለሌለው ናሙና ሙዚየምም መጽሔትም በሩን ይዘጋል።

ባሕሩ ሲጎድል ይውረዱ። ቀጭን ስለት ከቅርፊቱ ሥር በአንድ ፈጣን ግፊት ያስገቡ። ቀድመው ከነካኩት እንስሳው ዐለቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ በጉልበት ሲፈነቅሉት ጠርዙ ይሰበራል፣ ጠርዙ ደግሞ ከዋና መለያዎቹ አንዱ ነው። ከአንድ ቦታ 20 ያህል ይውሰዱ፦ ትንንሹንም ትልልቁንም፣ ከላይኛውም ከታችኛውም ዐለት፣ ሞገድ ከሚመታውም ከተከለለውም። ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ቅርፊት ስለሚያታልል ነው። አንዱ ዝርያ እንደ ኑሮው ሥፍራ ከፍታውን፣ ቀለሙንና የሸንተረሩን ጉልህነት ይለዋውጣል፤ በሞገድ የተፋቀና አልጌ የበቀለበት አሮጌ ቅርፊት ደግሞ የሌላ ዝርያ ይመስላል።

እንቁላሉን አይለፉት። ሲፎናሪያ እንቁላሉን በዝልግልግ ጥብጣብ ጠቅልሎ ዐለት ላይ ይለጥፋል። ከአንዳንዱ ዝርያ ዋናተኛ ዕጭ ይፈለፈላል፤ ከሌላው ደግሞ እግሩን ተክሎ የሚሄድ ሙሉ ጫጩት ይወጣል። ጥብጣቡን ፎቶ አንስተው ቁራጩን ይውሰዱ፤ ዲኤንኤው ላይ ስንደርስ ይፈለጋል።

ለእያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ቁጥር ይስጡ። ቦታውን በጂፒኤስ፣ ቀኑን፣ የዐለቱን ዓይነትና በዐለቱ ላይ የነበረበትን ከፍታ ይመዝግቡ። መለያ ወረቀቱ በእርሳስ ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባል።

ማደንዘዝና ማቆየት

በሕይወት እያለ አልኮል ውስጥ የተጨመረ ሲፎናሪያ ቅርፊቱ ውስጥ ይኮማተራል፣ ውኃም ይዞ ይቀራል፤ አልኮሉ ሳይደርሰው ሆዱ ይበሰብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ያደንዝዙት። 75 ግራም የማግኒዝየም ክሎራይድ ክሪስታል በአንድ ሊትር የተጣራ ውኃ ያሟሙ፣ ከእኩል የባሕር ውኃ ጋር ይቀላቅሉ፣ እንስሳውን ሲነካ እስከማይንቀሳቀስ ድረስ ያቆዩት። የእግሩን፣ የጭንቅላቱንና የመጎናጸፊያውን (ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቆዳ) ጠርዝ ቀለም አሁኑኑ ፎቶ ያንሱ፤ አልኮል ውስጥ ቀለሙ ይጠፋል።

ከዚያ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ውኃ ውስጥ ከ10 እስከ 60 ሴኮንድ ይንከሩት። ጡንቻው ይላቀቅና ሥጋው በወረንጦ ሲሳብ ቅርፊቱ ሳይሰበር ይወጣል፤ ዲኤንኤውም ይተርፋል። ሥጋው በ96 በመቶ ኤታኖል፣ ቅርፊቱ በደረቁ፣ ሁለቱም በአንድ ቁጥር ይቀመጡ። ከ24 ሰዓት በኋላ ኤታኖሉን ይቀይሩ፤ ከሥጋው የወጣው ውኃ ያቀጥነዋል። ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሻል፣ አሲድ ከያዘም ቅርፊቱን ይበላል።

ውስጡን ማየት

ሥጋውን ሰም በተነጠፈበት ሳሕን ላይ በመርፌ ወጥረው፣ 70 በመቶ አልኮል አፍስሰውበት በማይክሮስኮፕ ሥር ይክፈቱት። ሲፎናሪያ ወንዴም ሴቴም ነው፤ ዝርያን ከዝርያ የሚለየው መረጃም በብዛት ያለው የመራቢያ አካሉ ውስጥ ነው። የኤፒፋለሱን (የወንዴው ዘር ቱቦ አንድ ክፍል) እጢ መጠን፣ የፍላጀለሙን (ከእሱ ጋር የተያያዘው ቀጭን ቱቦ) መኖርና ርዝመት፣ የቡርሳውንና የቱቦውን ቅርጽ ይሳሉ። ቡርሳ ከተጓዳኙ የመጣው የዘር ከረጢት የሚቀመጥባት ትንሽ ኳስ ናት። በቀጭን ወረንጦ ቀስ ብለው ይቅደዷት፤ ዕድል ከቀናዎት ጭንቅላትና ረጅም ጅራት ያለው ክር መሰል ነገር ይወጣል። ስፐርማቶፎር ይህ ነው። የጭንቅላቱ ቅርጽና የገጹ ልስላሴ ወይም ሻካራነት፣ ቅርፊታቸው አንድ የሚመስሉትን ዝርያዎች የሚለይበት ጊዜ ብዙ ነው። ቢያንስ ሦስት የበሰሉ እንስሳት ይክፈቱ። ያልበሰለ እንስሳ እጢው ትንሽ ስለሚሆን የሌለ ልዩነት ያሳያል።

ራዱላውን፣ ማለትም ጥርስ የተደረደረበትን ምላስ፣ ለማውጣት የአፉን ሥጋ በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ያሳድሩት፤ ሥጋው ይሟሟል፣ ራዱላው ይቀራል። አጥበው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያንሱት።

ዲኤንኤው

ከእግሩ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ቁራጭ ይበቃል። የቀንድ አውጣ ዝልግልግ ፒሲአርን (ዲኤንኤን የሚያባዛውን ዘዴ) ያግዳል፤ ውጤት ከጠፋ ዲኤንኤውን አሥር እጥፍ አቅጥነው ይድገሙት። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጡት የፎልመር ፕራይመሮች (ንባቡ ከየት እንደሚጀምር የሚወስኑ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) የሚነበበው የሲኦአይ ጂን ቁራጭ 658 ቤዝ ያህል ነው። 16ኤስ የተባለውን ጂንና ቢያንስ አንድ የኒውክለስ ጂን ይጨምሩበት። የተነበበውን ሲኦአይ ወደ ፕሮቲን ተርጉመው ይፈትሹ፤ መሐሉ ላይ የማቆሚያ ኮድ ከመጣ አንድ ስሕተት አለ።

ከዚህ መቶኛ በላይ የተለየ ሁሉ አዲስ ዝርያ ነው የሚል ወሰን የለም። የእንቁላሉ ጥብጣብ የሚፈለገው እዚህ ነው። ዋናተኛ ዕጭ የሌለው ዝርያ ከሰርጥ ሰርጥ አይጓዝም፤ ስለዚህ በአንዱ ዝርያ ውስጥ እንኳ ሰፊ የዲኤንኤ ርቀት ሊኖር ይችላል። ዲኤንኤውና የውስጥ አካሉ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው መተማመን የሚቻለው።

የቆዩትን ስሞች ማሳደድ

ከሁሉ የሚረዝመው ይህ ክፍል ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ከሞለስካቤዝ (የቀንድ አውጣና የመሰሎቹ ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ) የሲፎናሪያን ስሞች በሙሉ ያውጡ፤ ዛሬ የሚሠራባቸውን ብቻ ሳይሆን ተደራቢ (ለአንድ ዝርያ የተሰጡ ትርፍ ስሞች) ተብለው የተጣሉትንም፣ የቅሪተ አካሎቹንም። አንድ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ከሌላ ዝርያ ጋር የጨፈለቀው ስም የእርስዎ ቀንድ አውጣ ትክክለኛ ስም ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ በቀደምትነት መርሕ የድሮው ስም ይነሣል፣ የእርስዎ ይወድቃል።

በአካባቢው ለተሰየመ እያንዳንዱ ስም የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያንብቡ፣ ሙዚየሞችን የታይፑን (ስሙ የተሰጠበትን ናሙና) ፎቶ ይጠይቁ። የ19ኛው መቶ ዘመን ታይፖች ብዙዎቹ በለንደንና በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች ናቸው። አብዛኞቹ ሥጋ የሌላቸው ደረቅ ቅርፊቶች ስለሆኑ፣ ያለው መፍትሔ ታይፑ ከተሰበሰበበት ባሕር ዳርቻ ትኩስ ናሙና አምጥቶ ውስጡንና ዲኤንኤውን ማነጻጸር ነው።

ስሙንና መግለጫውን ማውጣት

የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ሕግ አራተኛ እትም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ይሠራበታል። ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አዲስ መሆኑ በግልጽ ይነገራል፤ ከሌሎች የሚለየው ምን እንደሆነ በቃላት ይቀመጣል፤ አንድ ሆሎታይፕ (ስሙን የሚሸከም ብቸኛ ናሙና) ተለይቶ የሚቀመጥበት ተቋምና ከተማ ይጠቀሳል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ስሙ ሕጋዊ አይሆንም። ሲፎናሪያ በሰዋስው ሴት ናት፤ ስለዚህ የላቲን ቅጽል ከመረጡ በሴት ይርባል፦ ኒግራ እንጂ ኒጀር አይባልም።

ሆሎታይፑ ዲኤንኤው የተነበበ፣ ውስጡ የታየ፣ ቅርፊቱም ደኅና የሆነ አንድ እንስሳ ይሁን። የሚያምረውን ደረቅ ቅርፊት መምረጥ ያጓጓል፤ ያን ያደረገ ሰው ግን የ19ኛውን መቶ ዘመን ችግር ለተተኪው እያወረሰ ነው። ቅርፊቱ ከላይ፣ ከውስጥና ከጎን ከመለኪያ መስመር ጋር ይነሣ። ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታና የሸንተረር ቁጥር ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ፣ ከተለኩት እንስሳት ብዛት ጋር ይጻፍ። መለያው አጭር ይሁን፤ «ሸንተረሩ ብዙ ነው» አይበቃም፣ ከየትኛው ዝርያ እንደሚበዛና በስንት እንደሆነ ይነገር።

መጽሔቱ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጽሑፉ ቀድሞ ዙባንክ (የእንስሳት ስሞች ይፋዊ መዝገብ) ላይ ይመዝገብ፣ የምዝገባው ማስረጃና የኅትመቱ ቀን ጽሑፉ ውስጥ ይታተም። እስከዚያ ድረስ በጉባኤም ሆነ በፖስተር «ዝርያ ሀ» እያሉ ይጥሩት።

የመጨረሻው እርማት ሲመጣ ስሙን ብቻ በርዕሱ፣ በአሕጽሮቱ፣ በሥዕሎቹ መግለጫና በሠንጠረዦቹ ፊደል በፊደል ያንብቡ። በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ከታተመ የሚጸናውን የሚወስነው በኋላ ሁለቱንም ጠቅሶ አንዱን የሚመርጠው ሰው ነው፤ ያ ሰው እርስዎ ላይሆን ይችላል።