ተማሪ ራሱን ችሎ እንዲያስብ እንዴት ማማከር ይቻላል?

የጥናት ሥራ የሚያማክር ሰው መልሱን ቶሎ መንገር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስለዋል፤ ተማሪው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ይመለሳል።

1. በቅድሚያ የተማሪውን ደረጃ ይለዩ። ለጉዳዩ ፍጹም እንግዳ ከሆነ ከመነሻው እስከ መድረሻው የተሠራ ምሳሌ ያሳዩት። መሠረት የሌለውን ሰው «ራስህ አስብበት» ብሎ ማሰናበት ሜዳ ላይ መጣል ነው።

2. ከመገናኘታችሁ በፊት ችግሩን፣ የሞከረውንና የራሱን ግምት በግማሽ ገጽ ጽፎ እንዲያመጣ ያድርጉ።

3. ይጠይቁ፤ ከዚያም ዝም ይበሉ። ብዙዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ቆይታው 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ተማሪዎች ረዘም ያለና ምክንያት ያለው መልስ እንደሚሰጡ አሳይተዋል። አዲስ ሐሳብ ለሚያብሰለስል ተማሪ ደግሞ 3 ሰከንድም ጥቂት ነው።

ተማሪው 12፣ 14፣ 13፣ 130 እና 11 የሚሉ ልኬቶችን ይዞ መጥቶ «አማካዩ 36 ነው፤ ትክክል ነኝ?» አለ እንበል። አማካሪው 13.0 ተብሎ መጻፍ የነበረበት ቁጥር ነጥቡን አጥቶ 130 እንደሆነ ወዲያውኑ ይጠረጥራል። «አራተኛውን ቁጥር አይተኸዋል?» ቢል ግን ጥያቄ አስመስሎ መልሱን መንገሩ ነው። ይልቁንም «36 እነዚህን ልኬቶች ይወክላል? በምን አወቅህ?» ይበሉ። በዚህ ጊዜ ተማሪው ፍንጭ ፍለጋ ፊትዎን ማጥናቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ዓይንዎን ወረቀቱ ላይ ያሳርፉ። ከአምስቱ ልኬቶች አራቱ ከ15 በታች ሆነው ሳለ አማካዩ 36 መሆኑ ሲከነክነው ወደ መዝገቡ ተመልሶ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል። ካላገኘው ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ በተሰመረ የቁጥር መስመር ላይ ነጥብ በነጥብ እንዲያስቀምጥ ይጠይቁት። «ጎበዝ፣ ልክ ነህ» ማለትም ቢሆን ሐሳቡን እንዴት እንዳረጋገጠ ካስረዳ በኋላ ይሁን፤ የችኮላ ሙገሳ ማሰቡን በአጭሩ ይቀጨዋል።

4. እርሳሱንም ሆነ የኮምፒውተሩን ማውስ ከእጁ አይቀበሉ።

5. እገዛውን ቀስ በቀስ ይቀንሱ። መጀመሪያ ላይ ጥያቄዎቹን እርስዎ ያቀርባሉ፤ በኋላ ግን «እኔ ምን ብዬ የምጠይቅህ ይመስልሃል?» ማለት ይበቃል። በእኔ አመለካከት ከማንኛውም የተዘጋጀ የመከታተያ ቅጽ ይልቅ ይህች አንዲት ጥያቄ ትሠራለች። ሰው የሚጎዳ ወይም ሊመለስ የማይችል ስህተት ሲያዩ ግን ዝምታው ይቅርና ወዲያውኑ ያስቁሙት።

ተማሪው የእርስዎን ሐሳብ መሞገት ሲጀምር በሥልጣን አይመልሱት፤ «በምን አወቅህ?» የሚለውን ጥያቄ ያቅርቡለት። ማስረጃው አሳማኝ ከሆነ ሥራው እርሱ ባለው መንገድ ይቀጥል፤ እርስዎ ቀደም ሲል የሰጡትን አስተያየትም በጽሑፍ ያስተካክሉለት።