ስለ ሰውነት ቅርጽ ስናወራ፣ ስንመክርና ስናጠና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት ልጅ ቤት ውስጥ «ወፈር ብለሻል፣ ተስማምቶሻል» ስትባል እንደ ምርቃት ነው። ስልኳን ስትከፍት ደግሞ የሚጠብቃት ጠፍጣፋ ሆድና ቀጭን ወገብ ነው። ሁለቱንም መለኪያ ያወጡላት ሌሎች ናቸው። ለዓመታት የተከማቸው የሥነ ልቦና ጥናት የሚነግረን፣ ሰው የሚጎዳው እንዲህ ያለውን መለኪያ ከልቡ ተቀብሎ ዋጋውን በእሱ መመዘን ሲጀምር መሆኑን ነው፤ መለኪያው ቀጭንም ይሁን ወፍራም። ይህ ሲዘነጋ ወላጅም፣ መምህርም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪም በቅን ልብ ተነሥቶ ይሳሳታል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«እኛ ጋ ውፍረት ይወደዳል፤ ይህ የፈረንጅ ችግር ነው» ማለት

በፊጂ ደሴቶች፣ ናድሮጋ በተባለው ግዛትም ሞላ ያለ ሰውነት የተወደደ ነበር። አንዲት ልጅ ከሳ ካለች ዘመድ ይጨነቃል፤ እኛ «ከሳሽ፣ ጠቆርሽ፣ ምን ነካሽ?» እንደምንለው ማለት ነው። በ1995 ቴሌቪዥን ገባ። የሃርቫርዷ ተመራማሪ አን ቤከርና ባልደረቦቿ ቴሌቪዥን እንደገባ ሰሞንና ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 ዕድሜያቸው 17 ገደማ የሆነ ተማሪዎችን ጠየቁ። ስለ አመጋገብ ጠባይ በሚጠይቀው ባለ 26 ጥያቄ መመዘኛ አሳሳቢ ውጤት ያመጡት ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ ደረሱ። ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ ልጅ መጀመሪያ አንድም አልነበረችም፤ በ1998 ግን 11.3 በመቶ ሆኑ። ባህሉ ውፍረትን ይወድ ስለነበር ብቻ ልጆቹ አልዳኑም።

ሰው አገር ሲቀይር ምርጫውም ይቀየራል። በ2006 የታተመ ጥናት በደቡብ አፍሪካ ገጠር የሚኖሩ ዙሉዎችን ወደ ብሪታንያ ከሄዱ ዙሉዎች ጋር ሲያነጻጽር፣ የሄዱት «ቆንጆ» የሚሉት ቅርጽ ወደ ብሪታንያውያን ምርጫ ተጠግቶ ተገኘ። ልጆቹን ይዞ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የገባ ቤተሰብ ይህን ቢያስብበት ይጠቅመዋል፤ እናት በአንዱ መለኪያ ስትናገር ልጅ በሌላው ትሰማለችና። ደግሞም ልዩነቱ የባህል ብቻ አይደለም። በ2010 የወጣውና በ26 አገሮች 7,434 ሰዎችን ያሳተፈው ጥናት እንዳሳየው፣ በዓለም ክፍሎች መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ በድሃና በሀብታም አካባቢዎች መካከል ያለው ይሰፋል። ምግብ በማይተርፍበት ቦታ ውፍረት የጥጋብ ምልክት ነው፤ ገበያው ሲሞላ ትርጉሙ ይገለበጣል።

ውፍረትን የሚያወድስ መለኪያም ቢሆን ያለ ጉዳት አያልፍም። በሞሪታኒያ «ልብሉህ» በሚባለው ልማድ ልጃገረዶች እንዲወፍሩ ወተትና ገንፎ በግድ ይጋቱ ነበር፤ ልማዱ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

የፊጂውን ጥናት «ቴሌቪዥን በሽታ አመጣ» ብሎ መጥቀስ

በ1995 የተጠየቁት 63፣ በ1998 የተጠየቁት 65 ልጆች ናቸው፤ ያውም ሁለተኛዎቹ ሌሎች ልጆች ናቸው። ቴሌቪዥን ያልገባበት የማነጻጸሪያ መንደርም አልነበረም። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ሌላም ነገር ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ጥናቱ ጠንካራ ጥርጣሬ ይፈጥራል፤ ፍርድ ግን አይሰጥም። ክፍተቱን ለመሙላት የሞከሩት በኒካራጓ የካሪቢያን ዳርቻ የሠሩት ተመራማሪዎች ናቸው። ተቀራራቢ ኑሮ ያላቸው ግን ቴሌቪዥን በእኩል ያላገኙ መንደሮችን መርጠው፣ ሰዎቹ የሚበሉትንም አብረው መዝነው፣ ብዙ የሚያዩት ቀጠን ያለ ሰውነትን ይበልጥ እንደሚመርጡ አገኙ። ስለዚህ ፊጂን የሚጠቅስ ሰው ኒካራጓን አብሮ ቢጠቅስ ክርክሩ ይጸናለታል።

«እውነቱን ብነግራት ትነቃለች» ብሎ ማሳፈር

በጣም የተለመደውና በእኛ እምነት ከሁሉ የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። የበዓል ቀን ነው፤ ዶሮ ወጥ ቀርቧል፤ አንዷ አክስት «አንቺ ልጅ፣ በቃሽ፤ ቀሚሱ ሊቀደድ ነው» ትላለች። ሁሉም ይስቃል፣ ልጅቷም ትስቃለች። ማታ ግን ብቻዋን ማዕድ ቤት ገብታ ትበላለች፣ ወይም በማግስቱ ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም።

በሚኒሶታ 2,516 ታዳጊዎችን ለአምስት ዓመት የተከታተለው ጥናት በ2006 ያወጣው ውጤት ግልጽ ነው። በሰውነታቸው ያልተደሰቱት ልጃገረዶች ከአምስት ዓመት በኋላ ይበልጥ ምግብ የሚዘሉ፣ አንዴ ሲጀምሩ ማቆም እስኪያቅታቸው የሚበሉና እንቅስቃሴያቸው ያነሰ ሆነው ተገኙ፤ አትክልትና ፍራፍሬም ያነሰ ይበሉ ነበር። ወንዶቹም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ ማጨስም ተጨምሮበታል። ምክንያቱን ለመረዳት አይከብድም፦ በሰውነቱ ያፈረ ሰው ሰውነቱ ከሚታይበት ቦታ ይሸሻል። ሜዳ አይወርድም፣ ዋና አይሄድም፣ ሰው ፊት አይበላም።

በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ወላጆች ስለ ክብደት ሲያወሩና ስለ ጤናማ ምግብ ሲያወሩ ልዩነት እንዳለው አሳይቷል። ስለ ክብደት የሚያወሩ ወላጆች ልጆች ራስን በማስራብና በመሳሰሉት ጎጂ መንገዶች ክብደት ለመቀነስ ይበልጥ ይሞክራሉ። ስለዚህ «ወፍረሻልና እንጀራ ቀንሺ» ከማለት ጎመኑንና ሽሮውን ለቤቱ ሰው ሁሉ እኩል ማቅረብ፣ አብሮ በእግር መሄድ፣ ስለ ቅርጿ ምንም አለማለት ይሻላል። ከረጅም ጊዜ በኋላ ለተገናኙት ሰውም ከሰላምታ ቀጥሎ ስለ ክብደት መናገር ግዴታ አይደለም፤ «ናፍቀሽኝ ነበር፣ ሥራ እንዴት ነው?» ይበቃል። «ከስተሽ አማረብሽ» የሚለው ሙገሳም ቢሆን የምትመዘንበትን ሚዛን መልሶ ያስታውሳታል።

«ፎቶው የተነካካ ነው» ብሎ መንገር በቂ ነው ማለት

እስራኤል ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ሞዴሎች ከተወሰነ የክብደትና የቁመት ምጣኔ (18.5) በታች እንዳይሆኑና ሰውነትን ለማቅጠን የተቀየረ የማስታወቂያ ፎቶ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዘዘች። ፈረንሳይም በ2017 ተመሳሳይ ጽሑፍ ግዴታ አደረገች። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በአውስትራሊያ ተመራማሪዋ ማሪካ ቲገማንና ባልደረቦቿ ደጋግመው ሲፈትኑት ማስጠንቀቂያው ተመልካቿን ከመከፋት አላዳናትም። የትኛው አካል እንደተቀየረ የሚጠቅስ ጽሑፍ እንዲያውም ዓይኗን ወደዚያው አካል ይመራዋል። ማነጻጸሩ ጽሑፉ ተነቦ ከማለቁ በፊት ተፈጽሟል።

የተሻለ ውጤት ያሳዩ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሰዓት መቀነስ ነው። በካናዳ ከ17 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው፣ የጭንቀት ወይም የድብርት ምልክት ያለባቸው 220 ወጣቶች ተሳትፈው፣ ከፊሎቹ ለሦስት ሳምንት ማኅበራዊ ሚዲያን በቀን ወደ 60 ደቂቃ እንዲያወርዱ ተደረገ። ባይሳካላቸውም ወደ 78 ደቂቃ አወረዱት፤ ስለ መልካቸውና ስለ ክብደታቸው ያላቸው ስሜትም ካልቀነሱት ይልቅ ተሻሻለ። ስልኩ ላይ የሰዓት ገደብ ማብራት፣ ካዩት በኋላ የሚያስከፋዎትን ገጽ መከተል ማቆም፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ቲክቶክ አለመክፈት፤ ሥራው ይኸው ነው።

ሁለተኛው በአሜሪካዊው ተመራማሪ በኤሪክ ስታይስ የተዘጋጀው የቡድን ሥራ ነው። ልጃገረዶች አንድ ሰዓት ገደማ በሚወስዱ አራት ስብሰባዎች ተገናኝተው «ቀጭን መሆን አለብሽ» የሚለውን መለኪያ ራሳቸው ይሞግታሉ፦ የሚያስከፍለውን ዋጋ ይዘረዝራሉ፣ ለታናሽ ልጅ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ልትከሳ የቆረጠች ጓደኛን ሐሳብ ለማስቀየር ጨዋታ ይሠራሉ። በ2008 የታተመው የሦስት ዓመት ክትትል፣ ምንም ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸር በአመጋገብ መዛባት የሚያዙት በ60 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። ይህ ሥራ የሚበላሸው አሰልጣኟ ራሷ ስብከት ስትጀምር ነው። ሐሳብን የሚለውጠው ሰው በገዛ ፈቃዱ፣ በገዛ አፉ፣ ሰው ፊት የተናገረው ነገር ነውና ልጆቹ አብዝተው መናገር፣ አሰልጣኟም አብዝታ መጠየቅ አለባት።

አለመከፋትን ከደኅንነት ጋር አንድ ማድረግ

ሰውነቱን የማይጠላ ሰው ሁሉ ሰውነቱን ያከብራል ማለት አይደለም። ለዚህም ነው በ2015 የወጣው ባለ 10 ጥያቄ የሰውነት አድናቆት መመዘኛ፣ «ምን ያህል ትከፋለህ?» በማለት ፈንታ ሰው ሰውነቱን እንዴት እንደሚያከብርና ለፍላጎቱ እንዴት ምላሽ እንደሚሰጥ የሚጠይቀው። ይህ መመዘኛ በ65 አገሮችና በ40 ቋንቋዎች ከ56,000 በላይ ሰዎች ላይ ሲሠራበት፣ ከፍ ያለ ነጥብ ያላቸው በሕይወታቸውም ይበልጥ የረኩ ሆነው ታዩ።

ለመሞከር የሚቻል ቀላል ነገር አለ፦ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ፣ ሰውነትዎ ምን እንደሚሠራልዎ መጻፍ። ስለ ስሜት ሕዋሳት፣ ስለ አካል ብርታት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ፈጠራ፣ ራስን ስለ መንከባከብና ከሰው ጋር ስለ መግባባት። የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ መልክ ሾልኮ ሲገባ ነው፤ «እግሬ ቀጥ ያለ ነው» የሚለው አይጠቅምም። ሌላው «ለምን ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ሆነ?» የሚለው ሲዘለል ነው። «ጆሮዬ ይሰማል» ከማለት «እናቴ በስልክ ‹ደህና ነኝ› ስትል ጉንፋን እንደያዛት በድምፅዋ አውቃለሁ፤ ስለዚህም ቶሎ እደርስላታለሁ» ብሎ መጻፍ ነው የሚፈለገው። የአካል ጉዳት ወይም የማያቋርጥ ሕመም ያለበትን ሰው ግን ይህን ብቻውን እንዲጽፍ አያስገድዱት፤ ማድረግ ያቃተውን ሊቀሰቅስበት ይችላል።

ወንዶችን መርሳት

በኦስትሪያ፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ የተሠራው የ2000 ጥናት ወንዶች ከራሳቸው ይልቅ 13 ኪሎ ገደማ ተጨማሪ ጡንቻ ያለው ሰውነት እንደሚመኙ፣ ሴቶችም ይህን እንደሚወዱ እንደሚያምኑ አሳየ። ሴቶቹ ሲጠየቁ ግን የመረጡት ተራ የሆነውን ሰውነት ነው። ጂም ቤት የሚውል፣ የማይታወቅ መርፌ የሚወጋ፣ ልምምድ አንድ ቀን ሲያመልጠው የሚረበሽ ወጣት የዚሁ ችግር ተጠቂ ሊሆን ይችላል፤ «ጎበዝ ስፖርተኛ» ተብሎ ስለሚመሰገን ማንም አያየውም።

መጠይቅን እንዳለ ተርጉሞ መጠቀም

ይህ በተለይ ለተማሪዎችና ለአጥኚዎች ነው። ባለ 26 ጥያቄው መመዘኛ ሰው ስለ ምግብ አብዝቶ ያስብ እንደሆነ፣ ሲርበውም ከመብላት ይቆጠብ እንደሆነ ይጠይቃል። በደቡብ አፍሪካ ድሃ አካባቢ የሚኖሩ ልጆች ከፍተኛ ነጥብ አምጥተው ቀርበው ሲጠየቁ፣ ብዙው ነገር የምግብ እጦት ሆኖ ተገኘ። በጋና 668 ተማሪዎች በታዩበት የ2004 ጥናት ደግሞ ራሳቸውን ከምግብ የከለከሉት 10 ልጃገረዶች ምክንያታቸው ሃይማኖታዊ እንጂ ቅርጽ አልነበረም።

ሑዳዴ 55 ቀን በሚጾምበት፣ ረቡዕና ዓርብም በሚጾምበት፣ ረመዳንም ባለበት አገር ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት ግልጽ ነው። ቢያንስ ይህን ያድርጉ፦ ሁለት ሰው ለየብቻ ይተርጉም፣ ሦስተኛ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ከዚያ ጥቂት ሰዎችን ጥያቄውን በራሳቸው ቃል እንዲያስረዱ ይጠይቁ። መረጃው የተሰበሰበበትን ወቅት ይመዝግቡ። «እቆጠባለሁ» ላለ ሁሉ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ያክሉ፤ ጾም፣ እጦት፣ ሕመም ወይም ክብደት ብለው ይለዩ። በዚህ መመዘኛ 20 ነጥብና ከዚያ በላይ ማምጣትም ለተጨማሪ ምርመራ ምልክት ነው፤ «ይህን ያህል በመቶው ታመዋል» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ሕመምን በጾም ወይም በዳይት መሸፈን

ከምግብ በኋላ ወዲያው መጸዳጃ ቤት መግባት፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መደበቅ፣ የወር አበባ መቅረት፣ ራስ መሳት፣ ጾም ሲፈታም ወደ ማዕድ አለመመለስ ከታየ ምክር ብቻ አይበቃም፤ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። የንስሐ አባትም ለታመመ ሰው ጾም ያቀልላሉ፤ ቀድሞ መንገር ነው። ማስመለሱና ክኒኑ ለሐኪሙ አይደበቁ፤ ሁለቱም በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ስለሚያወርዱ የልብ ምትን ሊያዛቡ ይችላሉ፣ ያ ደግሞ የሚታወቀው በደም ምርመራና በልብ ምት ምርመራ ነው።