ለማርገዝ ቀን ስትቆጥሩ፦ ስፐርም ማህፀን ውስጥ ምን ይገጥመዋል?

እንቁላሏ የምትወጣበትን ቀን ጠብቃችሁ አትሯሯጡ፤ ቀደም በሉ። እሷ የምትቆየው ቢበዛ 24 ሰዓት ነው፣ ስፐርም ግን እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ፈተናው መንገዱ ላይ ነው። የማህፀን ውስጠኛው ግድግዳ እንደ ባዕድ ያየውና ነጭ የደም ሴሎች ይወሩታል፣ አብዛኛው እዚያው ያልቃል፣ የተረፈው ደግሞ በራሱ ዋና ብቻ ሳይሆን በማህፀን ጡንቻ መኮማተርም ተገፍቶ እንቁላሏ የምታልፍበት ቱቦ ጋ ይደርስና የቱቦው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንቁላሏን ይጠብቃል።

ስለዚህ የብልትሽን ፈሳሽ እዪ። በሁለት ጣት መሃል ሲሳብ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ሳይበጠስ ከተለጠጠ፣ በቃ፣ ጊዜው አሁን ነው፤ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ተገናኙ። ማለስለሻ ቅባት? ብዙዎቹ የስፐርሙን እንቅስቃሴ ያዳክማሉ፣ ይቅርባችሁ። እግር ሰቅሎ መተኛቱም (ሁሉም ይመክራል!) አያስፈልግም።