ዋዲው ደረቅ ነው ብላችሁ አትለፉት

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ፕላነር ሥራውን ይዞልኝ መጣ። ካርታው ያምራል። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሽንሻኖው እኩል፣ ፓርኩም መሃል ላይ። ቦታውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠውን የዋዲውን፣ የደረቁን ወንዝ፣ ሰማያዊ መስመር ግን ፈልጌ አጣሁት።

«እዚህ ጋ የነበረው ዋዲ የት ሄደ?» አልኩት።

«እሱማ ደረቅ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ፣ አቧራ ብቻ ነው» አለኝ።

ይህን መልስ በአረብ ከተሞች በሠራሁባቸው ዓመታት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እወደዋለሁም። ግን እንደዚህ ተብሎ በተሸነሸነ ቦታ ላይ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ሌሎቹንም ስህተቶች እግረ መንገዴን አነሳቸዋለሁ።

ዋዲን እንደ ባዶ መሬት መቁጠር

ዋዲ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ከርሞ አንድ ቀን፣ ለጥቂት ሰዓት ብቻ፣ ወንዝ የሚሆን ሸለቆ ነው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ በከተማው መሃል የሚያልፈውን ደቻቱን ያውቃል። ከደጋ አገር የመጣን ሰዎች ግን ወንዝ ሲባል ሁልጊዜ ውሃ ያለበት ይመስለናል።

ጂዳን ተመልከቱ። ከተማዋ በቀይ ባሕርና በምሥራቁ ተራራ መካከል ነው ያለችው። ዋዲዎቹ ከተራራው ወርደው ወደ ባሕሩ ይሄዳሉ። የድሮዋ ጂዳ ባሕሩ ዳር ነበረች። ከተማዋ ስትሰፋ ወደ ምሥራቅ፣ በዋዲዎቹ ላይ ተዘረጋች። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለመሸንሸንም ይመቻል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 2009 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአራት ሰዓት ውስጥ ከ90 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጣለ። ይህ ጂዳ በዓመት ከምታገኘው እጥፍ ገደማ ነው። ጎርፉ በድሮ መንገዱ መጣ። መንገዱ ላይ ደግሞ ቁወይዛን የመሳሰሉ ሰፈሮች ነበሩ። ከ100 በላይ ሰው ሞተ። የሳዑዲው ንጉሥ አብደላ መርማሪ ኮሚቴ አቋቁመው ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት ቀረቡ። በጥር 2011 ከተማዋ እንደገና በጎርፍ ተጥለቀለቀች።

የሊቢያዋ ደርና ደግሞ ከዚህ የከፋ ሆነባት። ከከተማዋ በላይ፣ በዋዲው ላይ በ1970ዎቹ የተሠሩ ሁለት ግድቦች ነበሩ። ግድብ ስላለ ሰው ዋዲው ዳር ድረስ ሠራ። መስከረም 2023 ሌሊት ላይ ሁለቱም ተደረመሱ። ውሃው የከተማዋን መሃል ጠራርጎ ወደ ባሕር ወሰደው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ያ ዋዲ ከዚያ በፊትም በ1942፣ በ1959 እና በ1986 ሞልቶ ነበር። አንድ ሰው በዕድሜው ሊያስታውሰው የሚችል ታሪክ ነው።

«ይህ እኮ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ይህ አነጋገር ብዙ ሰው አሳስቷል። አንዴ ከመጣ መቶ ዓመት ያርፋል ማለት አይደለም። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ እዚያ ቤት ውስጥ 30 ዓመት ቢኖር፣ ያንን ጎርፍ የማየት ዕድሉ ከአራት አንድ ገደማ ይሆናል። ልጆቻችሁን በዚህ ስሌት ታስተኛላችሁ? እኔ አላስተኛም።

ዋዲን ለማወቅ ሳተላይት አትጠብቁ። ሂዱና በእግራችሁ ግቡበት። ድንጋዩን አንሱት። ድቡልቡልና ለስላሳ ከሆነ ውሃ ያንከባለለው ነው። ግራሮቹን እዩ። ሌላው ቦታ ራቁቱን ሆኖ እነሱ በመስመር ከተደረደሩ ሥሮቻቸው ውሃ አግኝተዋል። ከዚያ ቀና በሉና ቅርንጫፉን ተመልከቱ። አንድ ቦታ ላይ ፌስታልና ጭራሮ በትከሻዬ ልክ ቅርንጫፍ ላይ ተጠላልፎ አየሁ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተለጥጧል። ነፋስ ነው አሉኝ። ነፋስ ፌስታል በየዛፉ ላይ እኩል ከፍታ አይሰቅልም። የጎርፉ ልክ ነበር። በሜትር ለካሁት፣ 1 ሜትር ከ40 ሆነ። የቦታው ባለቤት ግን ሙሌት አፈር አፍስሶ አጥር ገነባበት። አጥሩ በዋዲው ላይ አግድም ስለተሠራ ግድብ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከኋላው ተጠራቀመና ግንቡን ገፍቶ ጣለው። ከታች የተሠሩት የሠራተኞች መኝታ ቤቶች በጭቃ ተሞሉ። ደግነቱ ቀን ነበር፣ ሰዎቹም ሥራ ላይ ነበሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዋዲውን ለዋዲው ተዉለት። ሪያድ ዋዲ ሐኒፋን ለብዙ ዓመታት የቆሻሻ መድፊያና የድንጋይ ማውጫ አድርጋው ነበር። በኋላ 120 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ሸለቆ አጸዱት። ፍሳሹ በእርከኖች፣ በአልጌና በዓሣ እየተጣራ ለመስኖ እንዲውል አደረጉ። ዛሬ ቤተሰብ ምንጣፍ ይዞ የሚያመሽበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ያልፋል፣ ሲሄድ ሰው ይመለሳል።

ዝናብ የለም ብሎ የጎርፍ ቱቦ መተው

ሚያዝያ 16 ቀን 2024 ዱባይ የሆነችውን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችኋል። አውሮፕላኖቹ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። በጥቂት ወር ውስጥ ከተማዋ ለጎርፍ ማፋሰሻ 30 ቢሊዮን ድርሃም መደበች። ቱቦ ከመንገዱ ጋር አብሮ ቢቀበር ይቀላል። መንገድ አፍርሶ መቅበር ግን እንዲህ ያስከፍላል።

አረንጓዴን ከሣር ጋር ማምታታት

በረሃ ላይ ሣር አትንደፉ። ጥላ የለውም፣ ውሃ ይጠጣል። ባሕረ ሰላጤው ውስጥ የሚጠጣው ውሃ በአብዛኛው ጨዋማ የባሕር ውሃ በብዙ ኃይል ተጣርቶ የሚገኝ ነው። የተጣራ ፍሳሽ ብትጠቀሙም ለዛፍ ይሻላል። ጋፍ የሚባለው ዛፍ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ በትንሽ ውሃ ይኖራል፣ ሰው ያስጠልላል።

ከመኪና ውስጥ ሆኖ ፕላን ማውጣት

ይህኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ዱባይ ውስጥ አንድ የመኖሪያ ሰፈር ስንሠራ ለደኅንነት ተብሎ ዙሪያውን እንዲታጠር፣ አንድ በር ብቻ እንዲኖረው ተወሰነ። መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። በመኪና ሲታሰብ ምንም ችግር የለበትም። ቤቶቹ ከተያዙ በኋላ ነሐሴ ላይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ቦታውን ለማየት ሄድኩ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች። መጠለያ አልነበረውም። የመብራት ምሰሶው ጥላ በጣም ቀጭን ነው፣ ግማሽ ክንድ አይሞላም። እሷ እዚያች ጥላ ውስጥ በጎን ቆማለች። ጥላው ፈቀቅ ሲል እሷም ፈቀቅ ትላለች።

አበሻ መሆኗን በነጠላዋ አወቅኩ። ሰላም አልኳት።

«ወንድሜ፣ ቤቱ እኮ እዚያ የሚታየው ነው» አለችኝ፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ያለውን ሰገነት እያሳየችኝ። «ግን በሩ በዚያ በኩል ነው። ዞሮ ለመግባት 25 ደቂቃ ይፈጃል። በፊት በአሸዋው በኩል እናቋርጥ ነበር፣ አጠሩት።»

አጥሩን ያጠርኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም። አፍሬ ነው።

እንደሷ ያሉ ሰዎች በፕላኑ ላይ አይታዩም። የቤት ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ አትክልተኛ፣ ምግብ አመላላሽ። መኪና የላቸውም፣ በእግር ነው የሚሄዱት። ቤይሩትም ሆነ ሪያድ ብትሄዱ የኛ እህቶች ከነዚህ መካከል ናቸው። በአሸዋ ላይ የሚያወጡት የእግር መንገድ ከምንም ጥናት የተሻለ መረጃ ነው። ሳይት ስትሄዱ መጀመሪያ እሱን ለኩ፣ በካርታችሁም ላይ አስፍሩት።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ዱባይ ውስጥ አል ፋሂዲ ሰፈር ግቡ። «ሲካ» የሚሉት መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ ሁለቱ ግድግዳዎች እርስ በርስ ጥላ ይጥላሉ። ከላይ ያለው የነፋስ ማማ አየሩን ይዞ ወደ ቤት ያወርደዋል። ያለ መብራት የሚሠራ ነው። ይህ ሁሉ እያለ ሰፊ መንገድ፣ በአራቱም በኩል ከአጥሩ ገባ ያለ ቪላና ከፍተኛ ግንብ ነው ደንብ የሆነው። በሁለት ረጃጅም ግንቦች መካከል ባለ ሰፊ አስፋልት ላይ በነሐሴ በእግር መሄድ ምን እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል።

ሜትሮ ከሠራን አለቀ ማለት

ሪያድ በታኅሣሥ 2024 ስድስት መስመርና 85 ጣቢያ ያለው ሜትሮ መክፈት ጀመረች። ትልቅ ሥራ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ችግሩ ከጣቢያው በኋላ ነው። የግሪኩ የከተማ ፕላነር ዶክሲያዲስ ለሪያድ ያወጣው ፕላን ከተማዋን በ2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር ብሎኮች ከፋፍሏታል። ከብሎኩ መሃል እስከ ዋናው መንገድ በቀጥታ ቢኬድ እንኳ 1 ኪሎ ሜትር ነው። በቀጥታ ደግሞ አይኬድም፣ ግንብ አለ። ስለዚህ በጀት ስትይዙ ባቡሩ ላይ አትጨርሱት። ጥላ ያለው የእግር መንገድና በግንቦቹ መካከል ማቋረጫ የባቡሩ አካል ነው።

ከተማን በአንድ ቴክኖሎጂ ላይ መስቀል

የአቡ ዳቢዋ ማስዳር ሲነደፍ መኪና የሌለባት፣ ሰው ያለ ሾፌር በሚሄዱ ትናንሽ ካፕሱሎች ብቻ የሚንቀሳቀስባት ከተማ ነበረች። በ2016 ታልቃለች ተብሎ ነበር። አላለቀችም፤ ካፕሱሎቹም ከጥቂት ጣቢያዎች አልዘለሉም። ዛሬ ሄዳችሁ ስትገቡ የሚጠቅማችሁ ግን ጠባብ መንገዷና ጥላዋ ነው። እሱ አላረጀም።

የሚሠራውን ሰው ሳይጠይቁ ማፍረስ

ካይሮ ውስጥ ዘባሊን የሚባሉ ሰዎች አሉ። ቆሻሻ ከየቤቱ ይሰበስባሉ፣ ሙቀጠም ተራራ ሥር ወዳለው ሰፈራቸው ወስደው ይለያሉ፣ የምግብ ትራፊው ለአሳማ ይሆናል። ከሚሰበስቡት እስከ 80 በመቶው እንደገና ጥቅም ላይ ይውላል ተብሎ ይገመታል። ይህን ያህል የሚደርስ ዘመናዊ ከተማ ብርቅ ነው። በ2003 ሥራው ለውጭ ኩባንያዎች ተሰጠ። ኩባንያዎቹ ትልልቅ ገንዳ መንገድ ዳር አስቀመጡ። የካይሮ ሰው ግን ቆሻሻውን በሩ ድረስ መጥተው የሚወስዱለትን ሰዎች ነው የለመደው። በ2009 ደግሞ በአሳማ ጉንፋን ሰበብ አሳማዎቹ በሙሉ እንዲታረዱ ተደረገ። የምግብ ትራፊው በየመንገዱ ተከመረ።

አዲስ ከተማ ስለመገንባትም እዚያው ካይሮ ብዙ ትምህርት አለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በረሃው ላይ ከተማ ተቆረቆረ፣ ፎቅ ተሠራ። ከታላቋ ካይሮ ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን ራሱ በሠራቸው፣ ፕላን በሌላቸው ሰፈሮች ነው የሚኖረው። ምክንያቱ ሥራው ቅርብ መሆኑ ነው። ለትራንስፖርት የሚያወጣው ደመወዙን የሚበላበት ሰው ባዶ ፎቅ ቢሰጡትም አይሄድም። እነዚያን ሰፈሮች ከማፍረስ ውሃና ፍሳሽ አስገቡላቸው፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚያስገባ መንገድ ክፈቱላቸው።

ወደ አጥሩ ልመለስ። ሁለተኛ በር እንዲከፈት ደብዳቤ ጻፍኩ። ጥበቃ መቅጠር ወጪ ነው ተብሎ ተመለሰ። የአሸዋውን መንገድ ፎቶ፣ የ25 ደቂቃውን ዙሪያ ካርታና የነሐሴን ሙቀት ልኬት አያይዤ ድጋሚ ጻፍኩ። ከስምንት ወር በኋላ ተፈቀደ። በሩ የተከፈተው እነሱ ያቋርጡበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። ፌርማታው ግን እስካሁን መጠለያ የለውም። ሦስተኛውን ደብዳቤ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ነገ አስገባዋለሁ።